የቡሬ ዓይን፣ የደብረ ታቦር በርበሬ

ጎረቤቶቼ፣ ከደብረ ታቦር ከተመለስኩ ጀምሮ ውኃ ስቀዳም ቤተ ክርስቲያን ስሳለምም «እስቲ ንገሪን» እያላችሁ መንገድ ከለከላችሁኝ። አንዱን ነገር ሃያ ጊዜ ከማወራ አንድ ጊዜ ልጻፈውና እየተቀባበላችሁ አንብቡት። ፊደል የቆጠርኩት ወንድሜ ሲማር ከበሩ ሥር ጥጥ እየፈተልኩ ስለሆነ፣ ስሕተት ያገኘ ሰው ስቆ ይለፈው።

ምክንያቱን ለማያውቅ ላስቀድም። የእኅቴ ልጅ ማንጠግቦሽ ባለፈው ጥር ለደብረ ታቦሩ አስማማው ተዳረች። አስማማው ቅኔ ሊማር ወደ እኛ አገር መጥቶ፣ ቅኔውን እመንገድ ላይ ትቶ ልጃችንን ይዞ የሄደ ሰው ነው። ሁዳዴ ከገባ በአራተኛው ሳምንት አንድ ነጋዴ ከዚያ አገር መልእክት ይዞ መጣ። «አማቷ እመት አዛለች ‹የዚች ልጅ ወጥ ጨጓራዬን አነደደው› ብለዋል። ለኒቆዲሞስ እሁድ ሽማግሌ ጠርተዋል። ነገሩ ካልተስተካከለ ልጅቷ ወደ አገሯ ትመለሳለች» አለን። ማንጠግቦሽ ደግሞ በዚያው ነጋዴ በኩል የላከችው ቃል አንድ ብቻ ነበር፦ «እኔ ከአስማማው አልለይም።»

እኅቴ እግሯን ታማለች። ስለዚህ እኔ ተነሣሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ስነሣ አፌ ሞልቶ ነበር። «የደብረ ታቦር ሰው ብርድ እንጂ በርበሬ የት ያውቃል? የቡሬ ልጅ ወጥ ቢያቃጥላቸው ምን ይገርማል?» እያልኩ አንድ ቀልቀሎ ሙሉ የቡሬ በርበሬ ለእጅ መንሻ አስጫንኩ። ቀምሰው እንዲለማመዱ ብዬ ነው።

አብሮኝ የሄደው አያ ቢያድግልኝ ነው፤ ባለ በቅሎው። በርበሬ ያየ እንደሆነ እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ የሚል፣ ዕድሜውን ሁሉ በአልጫ የኖረ ሰው መሆኑን ታውቃላችሁ። ሐሙስ ወጥተን እሁድ ባሕር ዳር ገባን። እስከዚያ ያለውን መንገድ ሁላችሁም ስለምታውቁት ቀለሜን አልጨርስበትም።

ሰኞ

ጧት ዓባይን በታንኳ ተሻገርን፤ በቅሎዋ በገመድ ተይዛ ዋኘች። ከማዶ የጣሊያን ኬላ አለ። አንድ ቀጭን ወታደር ዕቃችንን እያስፈታ ሲያይ ቀልቀሎው ላይ ደረሰ። ቀዩን ዱቄት ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠና ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ተናገረ።

«ምንድን ነው ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

«በርበሬ ነው በለው።»

«ይህን ያህል በርበሬ ለምን? ለጦር ነው ወይ ይላል።»

«ለአማች ነው በለው።»

አያ ቢያድግልኝ ከኋላዬ ሆኖ ቀስ ብሎ «እሱም ያው ነው» አለ።

ወታደሩ አላመነም። ከሥሩ ባሩድ ይኖራል ብሎ አፍንጫውን ሲያስገባ ሰባት ጊዜ አነጠሰ፤ ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ተቆጣና «በርበሬ ከሆነ ብዪው» አለኝ። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ጾም ነው፣ ከፊቴ ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆሟል። ምን ላድርግ? ከመዳፌ ላይ አንድ ማንኪያ የሚሆን ቃምኩ። ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም፤ የቡሬ ልጅ መሆኔን የጣሊያን መንግሥት ይወቀው ብዬ ዋጥኩት። ወታደሩ እሷ ከቻለች እኔስ ብሎ ጣቱን ላሰ። መላሱ ደኅና ነበር፤ ጥፋቱ በዚያው ጣት ዓይኑን ማሸቱ ነው። ጓደኞቹ ውኃ እያፈሰሱለት ሲስቁበት፣ እኛ ልንለፍ ስንል ቀልቀሎውን አስቀሩት። «ለወጥ ቤታቸው ነው» አለኝ አስተርጓሚው፣ አፍሮ ወደ ሌላ እያየ። እንዲህ ሆኜ ባዶ እጄን የአማች አገር ገባሁ።

ማታ ሐሙሲት ገብተን እንድሪስ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ቤት አደርን። ሚስቱ ጾም መሆናችንን አይታ ሳንጠይቃት በዘይት የተሠራ ምስር አቀረበችልን፤ በሁለት ድስት። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አልጫ።

«ይህ የሱ ነው፣ ይህ የኔ ነው» አለች። «ሃያ ዓመት ሁለት ድስት ስጥድ ኖሬያለሁ።»

እንድሪስ «እኔ ስበላ ካላላበኝ የበላሁ አይመስለኝም» አለ።

«ላብ ከፈለግህ እንጨቱ ውጪ ነው፣ ሂድና ፍለጥ» አለችው።

አያ ቢያድግልኝ ከሷ ድስት ጋር ወዲያው ተወዳጀ። እኔ ከእንድሪስ ጋር በላሁ። የእኛ ቤት ሰው ሃያ ዓመት ሁለት ድስት ከሚጥድ መፋታት ይቀለዋል ብዬ አሰብኩ፤ እነሱ ግን እየተሳሳቁ ነው የሚበሉት። ማንጠግቦሽን በሁለት ድስት ላስታርቃት ይሆን እያልኩ ተኛሁ።

ማክሰኞ

የፎገራ ሜዳ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ነው። የእኛን አገር ዳገትና ቁልቁለት ለለመደ እግር መሬቱ አያልቅም። ላሞቹ ግን የእኛን ሁለት ያህላሉ፤ በጾም ቀን ወተታቸውን እያሰቡ ማለፍ ራሱ ፈተና ነው። ወደ ቀትር ላይ የጣሊያን መኪና ከኋላችን አቧራ እያስነሣ መጣ። በቅሎዋ ደንብራ አያ ቢያድግልኝን ይዛ ረግረግ ውስጥ ገባች። ስናወጣቸው እሷ እስከ ጉልበቷ፣ እሱ እስከ ወገቡ ጭቃ ነበሩ። መኪናው ትንሽ ሄዶ ጎማው ተነፈሰና ቆመ። አልፈነው ስንሄድ አያ ቢያድግልኝ ጭቃውን እየጠረገ እጅ ነሣቸው።

ወረታ ገብተን አንድ ቄስ ደጅ አደርን። የዓባዩን ነገር በሆዴ ይዤው ስለነበር ነገርኳቸው።

«አባ፣ በጾም ሰዓት በርበሬ ቃምኩ። አስገድደውኝ ነው።»

«ካስገደዱሽ ኃጢአቱ የነሱ ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ግን ጣፈጠሽ?» አሉኝ።

ለካህን አይዋሽም። «ጣፈጠኝ አባ።»

«እንግዲያ ለመጣፈጡ አርባ ስገጂ።»

ሰገድኩ። አያ ቢያድግልኝ አጠገቤ ተቀምጦ ቆጠረልኝ፤ ሠላሳ ላይ ሲደርስ የተሳሳተ መስሎ ወደ ሃያ መለሰኝ።

ረቡዕ

ዳገቱ ተጀመረ። ዓለም በር ስንደርስ ብርዱ ጀመረንና አንዲት ሴት ቤት አሳደረችን። ባሏ ጣሊያን በገባ ዓመት ወደ ዱር ወጥቶ እስከ ዛሬ ወሬው የለም። ቤቷ ያለው አንድ መደብ ነው፤ እሱን ለእኔ ለቃ እሷ መሬት ላይ ተኛች፤ ብለምናት አልሰማ አለች። የሰጠችን ሽሮ ከእንድሪስ ድስት የባሰ የሚያቃጥል ነበር። አያ ቢያድግልኝ እንጀራውን ደረቁን በላ። እኔ እየበላሁ «አንቺም እንደ እኔ በርበሬ ትወጃለሽ» አልኳት።

«ድሮ አልወድም ነበር» አለች። «አሁን ግን ሳለቅስ ጎረቤት ‹ምን ሆንሽ› ይለኛል። በርበሬ ሳበዛ ማንም አይጠይቀኝም።»

ጧት ስንለያት አያ ቢያድግልኝ ስንቁ ውስጥ የቀረውን በሶ እንዳታየው አድርጎ ከጓዳዋ አስቀመጠው።

ሐሙስ

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደብረ ታቦር ገባን። ብርዱ የሚገርም ነው፤ በእኛ አገር በክረምት የምንለብሰውን እነሱ በበጋ ለብሰውታል። እመት አዛለችን ጠብ ፈላጊ አድርጌ ነበር ያሰብኳቸው። ቀጥ ያሉ፣ ቀጭን፣ ነጠላቸው የነጣ ሴት ወጥተው በቅሎዋን ራሳቸው ያዙ፣ እግሬን ራሳቸው አጠቡ። ጎረቤታቸው ከድጃ የምትባል የሸማኔ ሚስት፣ እንግዳ መምጣቱን ሰምታ የምተኛበት የበግ ለምድ ላከች። በልቤ የተዘጋጀው ክርክር ሁሉ እግሬ ሲታጠብ አብሮ ታጠበ።

ራት ቀረበ። የአተር ክክ ወጥ ነው። ቀለሙን ሳይ ልቤ ሞቀ፤ ደም የመሰለ፣ ልክ የእኛ ቤት ወጥ። «ይህማ የአገሬ ወጥ ነው» ብዬ ሰፊ አድርጌ ጠቅልዬ ጎረስኩ።

ጎረቤቶቼ፣ እኔ ጥሩነሽ፣ ጣሊያን ፊት በርበሬ የቃምኩት ሴት፣ ድምፄ ጠፋ። አልዋሻችሁም፤ አፌ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል አይወጣም። እንባዬ በሁለቱም በኩል ወረደ። አያ ቢያድግልኝ ገና እጁን ሳይሰድ ፊቴን አየና እንጀራውን አጠፈው።

የቤቱ ባለቤት አቶ ፈንታ፣ ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ፣ ደስ ብሏቸው ይበላሉ። «ጥርሴ ሲሄድ ጣዕሙም አብሮ ሄዶብኝ ነበር» አሉኝ። «ይቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ምላሴ የት እንዳለ አወቅሁ።» አስማማው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ «ግሩም ነው» ይላል፤ አንድ ጊዜ ግሩም ባለ ቁጥር ሁለት ጊዜ ውኃ ይጠጣል። ማንጠግቦሽ ጥጓን ይዛ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሳያት «ጭሱ ነው» አለችኝ። እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል። እመት አዛለች ደረቅ እንጀራ ይዘው ወደ እኔ ብቻ ያያሉ፤ እንግዲህ አንቺው ፍረጂ እንደማለት።

ከራት በኋላ ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። «እቴ፣ ጾሙ ሳይገባ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሲያቃጥለኝ ዝም አልኩ» አሉኝ። «ሁዳዴ ሲገባ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆነ። ቅዳሜና እሁድ ሰው ቤታችን ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወጧ ማር ነው። ትችልበታለች እኮ። ለሰው ታሳምራለች፣ እኔን ታነዳለች። ይህ ተንኮል ካልሆነ ምን ይባላል?»

«ለምን አልነገሯትም?» አልኳቸው፣ ድምፄ እንደተመለሰ።

«እኔ? በእጄ አስፈጭቼ፣ በእጄ የቀመምኩትን በርበሬ? ‹የራስዎን በርበሬ አልቻሉትም› እንድትለኝ?»

ስሟ ማንጠግቦሽ ነው፤ እዚያ ሰፈር ግን ማን ቀምሶሽ ማለት እንደጀመሩ ያን ማታ ሰማሁ።

ዓርብ

ጧት ልጅቷ ስትሠራ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሽንኩርቱን አቁላላች፣ ከእመት አዛለች እንስራ በርበሬ በማንኪያ ጨለፈች። አንድ። ሁለት። ድስቱን አየች፤ እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ገና ብርቱካን ነው የሚመስለው። ሦስተኛውን ስትጨምር ከአፌ፣ ሳላስበው፣ «ጨምሪበት ልጄ፣ ገና አልቀላም» የሚል ቃል ወጣ።

እሷ አራተኛውን ልትጨልፍ እጇን ስትሰድ፣ እኔ በተናገርኩት ደንግጬ እጇን ያዝኩት።

«ለምንድን ነው የማትቀምሺው?»

«ጾም ነው እኮ አክስቴ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንዴት እቀምሳለሁ?»

«ታዲያ መጠኑን በምን ታውቂያለሽ?»

«እንደ ቤታችን። እስኪቀላ።»

ሁላችንም እንደዚያው አይደለንም? እናቴም እስኪቀላ ነው የምትለው፣ እኔም ልጆቼን ያስተማርኩት እስኪቀላ ነው። የቡሬ በርበሬ ሰፊ፣ ሥጋው ወፍራም፣ ቀለሙ የማያልቅ ነው። የደብረ ታቦሩ ከቆላ የሚመጣ ትንንሽ፣ ቀለሙ ፈዛዛ፣ ነገሩ ግን እሳት። በዓባይ ዳር አንድ ማንኪያ ቅሜ ደኅና የነበርኩ፣ እዚያ በአንድ ጉርሻ ድዳ የሆንኩት ለዚህ ነው። ልጄ በቡሬ ዓይን የደብረ ታቦርን በርበሬ ስትለካ ከርማለች። በምትቀምስበት በቅዳሜና በእሁድ ምላሷ ያርማታል፤ በጾም ሰዓት የሚያርማት የለም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ እሳት በላሁ እያልኩ የተመጻደቅሁት፣ ለካ ቀለም ስበላ ኖሬያለሁ።

«አንቺን አያቃጥልሽም?» አልኳት።

«ይፈጀኛል» አለች። «ግን የእሜቴ በርበሬ ነው። ያቃጥላል ብል እጃቸውን ነቀፍኩ። አስማማው ግሩም ነው ይላል፣ አባባ ጨምሪ ይላሉ። እንግዲህ እዚህ አገር የሚበላው እንዲህ ነው ብዬ እያለቀስኩም ቢሆን ልልመደው አልኩ።»

ቅዳሜ

ሮጬ ሄጄ ለእመት አዛለች መናገር አማረኝ። ግን አክስት ናት፣ ለዘመዷ ታደላለች ቢሉኝስ? ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይቅመሱት ብዬ ለልጅቷ ብቻ ነገርኳት። ለእሁድ ሁለት ድስት አሠራኋት። አንዱን እየቀመሰች፣ አንዱን ሳትቀምስ፣ በዓይኗ ብቻ፣ እስኪቀላ። እንቅልፍ አልወሰዳትም መሰለኝ፤ ጧት ስነሣ ዕቃዋን በአንድ አቁማዳ አስራ አስቀምጣዋለች። «ከፈረዱብኝ ሰው ፊት ማሰር አልፈልግም» አለችኝ። አስማማው አጠገቡ ተቀምጦ አቁማዳውን ያየዋል። ስሙ አስማማው ሆኖ ማንንም ማስማማት ያልቻለ ሰው ሲያሳዝን አይታችሁ አታውቁም።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንድ መሪጌታ፣ አንድ ገበሬ፣ አንድ ማር ነጋዴ፤ ሦስቱም እዚያው ደብር ተወልደው ያደጉ። እመት አዛለች ለእኔ የነገሩኝን ደገሙ። እኔ ተነሣሁና «አባቶቼ፣ ወጥ የተከሰሰበት ነገር ሳይቀመስ እንዴት ይፈረዳል?» አልኩ። ሳቁና ቀረቡ።

ከመጀመሪያው ድስት ሁሉም በሉ፣ አመሰገኑ። ከሁለተኛው ሲጎርሱ መሪጌታው ጥምጥማቸውን አወለቁ። ማር ነጋዴው ተነሥቶ ውኃውን በእንስራው ያዘው። ገበሬው ግን የመጀመሪያውን ድስት ገፋ አደረገና ከአቶ ፈንታ ጋር ሁለተኛው ላይ ተጣመደ።

«ይህ ነው የተከሰሰው?» አለ ገበሬው አፉ ሞልቶ። «ይህ ወጥ ካስከሰሰ እኔም ሚስቴን ልክሰስ። አንድ ቀን እንዲህ አድርጋልኝ አታውቅም።»

«ይህን የሚበላ ሰው ምላስ የለውም» አለ ማር ነጋዴው ከእንስራው ጎን።

«የማይበላስ ሆድ የለው።»

መሪጌታው እንባቸውን እየጠረጉ ሁለቱን ሊገላግሉ ሞከሩ። የአንድ ደብር ልጆች፣ ከአንድ ወንዝ የጠጡ፣ በአንድ ድስት ሲጣሉ ሳይ፣ መንገዱን ሙሉ የቡሬ ምላስ፣ የደብረ ታቦር ምላስ እያልኩ የመጣሁበት ነገር አሳፈረኝ። አንዱን የሚያስለቅሰው ሌላውን ለምን እንደሚያስደስተው እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ በአገር ግን ከእንግዲህ አልፈርድም።

ጸጥ ሲሉ የዓይኑንና የበርበሬውን ነገር ነገርኳቸው። እመት አዛለች ፊታቸውን ወደ ማንጠግቦሽ መለሱ።

«ሁለቱንም የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እሜቴ።»

«ይህን ቀምሰሽ፣ ያንን ሳትቀምሺ?»

«አዎ።»

«አንቺንስ ያቃጥልሻል?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «በጣም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሳምንት ምን ይዞሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«አንቱን አፍሬ።»

እመት አዛለች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ ሲስቁ ነው ለካ። «እኔም አንቺን አፍሬ ነዋ» አሉ። ተነሥተው አቁማዳውን ከበሩ ሥር አነሡና ወደ ጓዳ ወረወሩት። አስማማው ከዚያ በኋላ ነው ትንፋሽ የወሰደው።

ግን ጾሙ አላለቀም። ሁለት ሳምንት ይቀራል፤ እስከዚያ ማን ይቅመስ? አቶ ፈንታ በዕድሜያቸው ምክንያት ጾም ስለማይጠብቁ «እኔ እቀምሳለሁ» አሉ።

«አንተማ ቤቱ ቢቃጠልም ጨምሩበት ነው የምትለው» አሉ ሚስታቸው።

ከድጃን ያሰቡት መሪጌታው ናቸው። ተጠራች፤ ነገሩን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ «አንድ ነገር ከተስማማችሁልኝ» አለች። «የእኛ ረመዳን ሲገባ ማንጠግቦሽ መጥታ የእኔን ትቀምስልኛለች።» ሽማግሌዎቹ ይህን መረቁት። በሽምግልና ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ፍርድ ፈርደው እንደማያውቁ ገበሬው ድስቱን እየጠረገ ተናገረ።

ሰኞ

ፋሲካን ቤቴ ለመዋል መንገድ መጀመር ነበረብን። ሳንወጣ የዕለቱ ወጥ ተጥዶ ነበርና ከድጃ መጣች። ማንጠግቦሽ ከማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችላት። ቤቱ ሁሉ ቆመ። እመት አዛለች ምሰሶውን ይዘዋል፣ አስማማው በር ላይ ነው፣ አቶ ፈንታ እንኳ ሱረታቸውን መሳብ ትተዋል። ከድጃ ላሰች፣ ጣራውን አየች፣ ደግማ ላሰች።

«በርበሬው ልኩ ነው» አለች። «ጨው አነሰው።»

እመት አዛለች ምሰሶውን ለቀቁ። «ጨውስ የኔ ልክ እሱ ነው።»

«እኔ ቀምሻለሁ፣ አንቱ አልቀመሱም» አለች ከድጃ በትሕትና።

ማንጠግቦሽ ማማሰያዋን እንደያዘች በሁለቱ መካከል ቆመች፣ ወደ እኔም አየች። አያ ቢያድግልኝ ክንዴን ያዘኝ። «በቅሎዋ ተጭናለች» አለኝ። «ሌላ ሽማግሌ ሳይጠራ እንውጣ።»